የፑል ጠረጴዛ በገዛ እጄ ልሠራ ነው፤ ወለሉን ከምን ላድርገው?

የጓሮ አናጢ
የመጀመሪያ መልእክት

ሰላም ለሁላችሁም። እስከ ዛሬ የሌሎችን ሥራ እያነበብኩ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ግን ጥያቄው ሞልቶ ፈሰሰ። ከቤቴ ጎን ባለችው ጠባብ ወርክሾፕ የፑል ጠረጴዛ ልሠራ ተነሥቻለሁ። ልምዴን ከጠየቃችሁ፦ ጥቂት መደርደሪያዎች፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የማይዘጋ መሳቢያ እና አንድ የማይከፈት መሳቢያ።

ያሰብኩት ባለ 8 ጫማ ነው። መጫወቻው ከጎማ አፍንጫ እስከ ጎማ አፍንጫ (ዙሪያውን ኳሱን የሚመልሰው ጎማ ወደ ውስጥ ሾሎ የሚወጣበት ጫፍ) 112 በ224 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በእጄ ያሉት ሁለት ባለ 25 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ሰሌዳ)፣ በደንብ የደረቀ ጠንካራ ጣውላ፣ የጠረጴዛ መጋዝ፣ ትራፓኖ እና ስምንት ሞርሳ ናቸው። ጠረጴዛው የሚገባበት ክፍል 4.25 በ5.40 ሜትር ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ወለሉን፣ ማለትም ኳሱ የሚንከባለልበትን ፊት፣ በኤምዲኤፍ ብሠራው ይሆናል ወይስ የግድ ድንጋይ መፈለግ አለብኝ? እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ወለል ነው።


ጥርጣሬ
በዚያው ቀን

ያገለገለ ጠረጴዛ ፈልገህ ጨርቁን ብትቀይር በአንድ ቅዳሜ ትጨርሳለህ። አንተ የጀመርከው ግን የወራት ሥራ ነው። ተው ማለቴ አይደለም፤ በኋላ ማንም አልነገረኝም እንዳትል ነው።


ውሃልክ
በዚያው ቀን

ከወለሉ በፊት ክፍሉን እንለካ። መደበኛው ዱላ ወደ 147 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ኳሷ ጎማው ሥር ተጠግታ ስትቆም ዱላው በሙሉ ከጠረጴዛው ውጭ ቦታ ይፈልጋል። በወርዱ 112 ላይ ሁለት ጊዜ 147 ደምር፤ 406 ይሆናል። በርዝመቱ 224 ላይ 294 ስትደምር 518። ይህ ዱላውን ወደ ኋላ ሳይስቡ ነው፤ ሳይስብ የሚመታ ደግሞ የለም። በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ብትጨምር የሚያስፈልግህ 436 በ548 ነው። ያለህ 425 በ540። በአራቱም በኩል ከግድግዳ ጋር ትጣላለህ።

ሁለተኛው ጣጣ ኤምዲኤፉ ነው። አንዱ 122 በ244 ነው። ከ122 ላይ 112 ስትቀንስ በየጎኑ የሚተርፍህ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ያንን ጎማው ከነመደገፊያው ይይዘዋል። ታዲያ ጠርዙን ከወለሉ ጋር የሚያስረው ቡሎን የት ይገባል? ባለ 7 ጫማ፣ ማለትም 99 በ198 ብታደርገው በየጎኑ 11.5 ሴንቲ ሜትር ይተርፍሃል፤ ክፍሉም 423 በ522 ይበቃዋል። የባለ 7 ጫማ ልክ ከአምራች አምራች ትንሽ ይለያያል። የማይለወጠው ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ መሆኑ ነው።


የጓሮ አናጢ
በማግሥቱ

ከግድግዳው የተረፈችኝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ናት! ባለ 8 ጫማውን ዛሬ ጠዋት ቀበርኩት። ባለ 7 እሠራለሁ።


መላጊያ
በማግሥቱ

ልጄ፣ አርባ ዓመት እንጨት ስልግ ኖሬአለሁ፤ የፑል ጠረጴዛ ግን የሠራሁት ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ተፈልጦ ማገዶ ሆኗል። የምነግርህ ከማገዶው የተማርኩትን ነው።

ኤምዲኤፍ ቀጥ ብሎ ይመጣል እንጂ ቀጥ ብሎ መኖር አይችልም። በአራት እግር ላይ ብትዘረጋው በገዛ ክብደቱ ይረግባል። ከሥሩ ርብራብ ሥራለት። 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸውን ቀጫጭን ጣውላዎች በየ25 ሴንቲ ሜትሩ በወርድም በርዝመትም አሰናስል፤ ከላይ ባለ 25ቱን፣ ከታች ስስ ኮምፔንሳቶ በኮላ ለጥፈህ ዝጋው። ሳጥን ይሆንልሃል። ቪቴ ብትጨምርም ቪቴው ኮላው እስኪደርቅ የሚይዝ ረዳት ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው ኮላው ነው።

ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው። ሳጥን የተጣበቀበትን ቦታ ጠማማነት ይወርሳል። ከሥሩ ያደረግከው ነገር የተቆለመመ ከሆነ ኮላው በደረቀ ማግሥት ቁልምሙ የአንተ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በመላጊያም በእንባም አይቃናም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎችን አስተካክለህ አልግ፣ እርስ በርሳቸው አስተያይ፣ ሳጥኑን በእነርሱ ላይ አጣብቅ።


ውሃልክ
በማግሥቱ

ጋሽ መላጊያ ያሉት 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። የጣውላ ግትርነት ከቁመቱ ኩብ ጋር ነው የሚያድገው፤ ቁመቱን እጥፍ ስታደርገው ስምንት እጥፍ ይጠነክራል። ከላይ ኤምዲኤፍ በኤምዲኤፍ ላይ ከመደረብ ከሥር ርብራቡን ከፍ ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው።


ሰባተኛዋ ኳስ
ከ2 ቀን በኋላ

እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስህተቴን በነጻ ውሰደው። የኤምዲኤፉን የላይኛውን ፊት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ በየመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ መስታወት አስመሰልኩት። የታችኛውን ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት። የዝናቡ ወራት ሲገባ እርጥበቱ አየው። የታችኛው ፊት ጠጥቶ አበጠ፣ የላይኛው ባለበት ቀረ፣ ወለሉም እንደ ሳህን ጎደጎደ። ቀስ ብዬ የመታኋቸው ኳሶች ሁሉ ስብሰባ እንደተጠራ ሰው ወደ መሃል ይመጡ ጀመር።

ከላይ የቀባኸውን ያህል ከታችም ቀባ። የተቆረጡት ጠርዞች ደግሞ ከፊቱ ይልቅ ይጠጣሉና እነርሱን ደጋግመህ ቀባ።


ከረንቦላ
ከ2 ቀን በኋላ

ድንጋዩን እንዲህ ሳታነሱት ማለፋችሁ ቅር አለኝ። ስሌት የሚባለው ድንጋይ (ከሒሳብ ስሌት ጋር ዝምድና የለውም) በተፈጥሮው በንብርብር እየተላቀቀ የሚወጣ፣ ከዚያም ተሞርዶ የሚስተካከል፣ እርጥበት የማያጣምመው ነገር ነው። እንግሊዛዊው ጠረጴዛ ሠሪ ጆን ተርስተን በ1826 እ.ኤ.አ. ስሌትን ለወለል ማዋል ከመጀመሩ በፊት ሰው በአብዛኛው በእንጨት ላይ ነበር የሚጫወተው። ሰባተኛዋ ኳስ ያየው ሳህን ለእነዚያ ሰዎች የየዕለት ኑሮ ነበር። ዛሬ ለውድድር የሚቀርብ ጠረጴዛ ስሌቱ ቢያንስ 25.4 ሚሊ ሜትር መወፈር አለበት።


ውሃልክ
ከ2 ቀን በኋላ

ክርክር የለኝም፤ ሚዛን ግን አለኝ። ስሌት በኩብ ሜትር ከ2.7 ቶን በላይ ይመዝናል። ለዚህ ጠረጴዛ የሚሆን ባለ 25 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ወደ 180 ኪሎ ይደርሳል። የኤምዲኤፉ ሙሉ ቁራጭ ወደ 55 ኪሎ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው 180 ኪሎ ገልብጦ ጨርቅ ሲወጥር አይታየኝም።


ጥርጣሬ
ከ2 ቀን በኋላ

የሳጥኑን ክፍተቶች በደረቅ አሸዋ ቢሞላውስ? ክብደትም ያገኛል፣ የከበሮ ድምፁም ይጠፋል።


መላጊያ
ከ2 ቀን በኋላ

አሸዋ ከገባበት ጠረጴዛ ሳይሆን የቤት መሠረት ነው የሠራው። ደግሞም አንድ ቀን በአንዲት ቀዳዳ መፍሰስ ይጀምራል።


የጓሮ አናጢ
ከ3 ሳምንት በኋላ

ሳጥኑ ዛሬ ከሞርሳ ወጣ። በጋሽ መላጊያ ምክር ሁለት የ2 ሜትር ጣውላዎችን ጎን ለጎን አስሬ ጠርዛቸውን በአንድነት ላግኩ፤ ከዚያ እንደ መጽሐፍ ከፍቼ ጠርዝ ለጠርዝ ገጠምኳቸው። በዚህ ዘዴ የአንዱ ስህተት ከሌላው ጋር ተደምሮ እጥፍ ሆኖ ስለሚታይ መሸሸጊያ የለውም። ከኋላቸው መብራት አብርቼ በክፍተቱ የሚያልፈውን ብርሃን እያየሁ አራት ጊዜ ደግሜ ላግኩ። በመጨረሻ ብርሃኑ ጠፋ። አሁን የምተማመንበት ማስመሪያ አለኝ።

ማስመሪያውን በወለሉ ላይ አቁሜ ከሥሩ ተራ የጽሕፈት ወረቀት መክተት ጀመርኩ። አንዱ ወረቀት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ለውድድር ጠረጴዛ የሚፈቀደው ልዩነት በርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ በወርዱ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው፤ በወረቀት ቋንቋ አምስትና ሁለት ተኩል። የእኔ በርዝመቱ አራት፣ በወርዱ ሁለት አሳለፈ። በመጨረሻው የግራ ማዕዘን ላይ ግን ስድስት ወረቀት ገባ። ሰባተኛውም ሊገባ ጫፉን አስገብቶ ነበር።


መላጊያ
በማግሥቱ

ለእንደ አንተ ጀማሪ ይህ የሚያስደስት ነው። ማዕዘኑን በስቱኮ ሙላው፤ በአንድ ጊዜ አታወፍረው፣ ሁለት ሦስት ስስ ንብርብር አድርገው። ስታሸው የብርጭቆ ወረቀቱን በእጅህ ይዘህ አይደለም፤ በረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ለጥፈህ ነው። እጅ ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳል፤ እንጨት አይወርድም።


መርፌና ክር
በማግሥቱ

እኔ ሶፋና ወንበር አልባሽ ነኝ፤ ስለ እንጨቱ አላውቅም። ስለ ጨርቁ ግን አሁኑኑ መስማት ያለብህ ነገር አለ፤ በኋላ ይመሽብሃል። ጨርቁን በስቴፕለር የምትመታው በኤምዲኤፉ የጎን ጠርዝ ላይ ከሆነ አይይዝልህም። የኤምዲኤፍ ጎን እንደ ተጠቀጠቀ ካርቶን ነው፤ ስቴፕሉ ይገባል፣ ስትወጥረው ይመለሳል። ዙሪያውን የለስላሳ እንጨት ዘንግ በኮላ ለጥፍበትና በዚያ ላይ ምታ። ዘንጉን ስታጣብቅ ከወለሉ ፊት በፀጉር ያህል እንኳን ከፍ እንዳይል።

ጨርቁ ደግሞ ከሱፍና ከናይለን የተሠራ የፑል ጨርቅ ይሁን። ቬሉቶ የሚያምረው ሶፋ ላይ ነው። በፀጉራም ጨርቅ ላይ ኳስ እንደ ደከመው ሰው ነው የምትሄደው።


የጓሮ አናጢ
በማግሥቱ

እኅቴ መርፌና ክር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘንጉን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር።


የጓሮ አናጢ
ከ6 ሳምንት በኋላ

የሰሞኑን ጉድ ልንገራችሁ። እግሮቹና ክፈፉ ቆመዋል፤ ወለሉ ከመሬት 76 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው (የተለመደው ከ74 እስከ 79 መካከል ነው)። ስድስቱን የጠርዝ እንጨቶችም ከጠንካራ ጣውላ ቆርጬ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቡሎን፣ በድምሩ 18 አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ጎማው መጣ። ኬ-66 የሚባለው፣ ሦስት ማዕዘን መሳይ ቅርጽ ያለው ነው።

ጎማውን በዓይኔ ሳላይ የእንጨቱን ፊት 90 ዲግሪ አድርጌ ቆርጬ ነበር። ለጠፍኩት። ቡሎኖቹን አጠበቅኩ። ጨርቅ ሳላለብሰው ለሙከራ መታሁ። በዝግታ ሲመታ ልብ ያሞቃል። ጠንከር ሲል ግን ኳሷ ጎማውን ስትነካ ትዘላለች። አንዷ ዘልላ ከጠረጴዛው ወጣችና ክፍት የቫርኒሽ ጣሳ ውስጥ ገባች። መምቻዋ ነጭ ኳስ ነበረች፤ አሁን ግማሿ ቡናማ ነው።

ወለሉ ላይ ሁለት ወር ተጨንቄ ጉዱ ከጎማው መጣ።


ውሃልክ
ከአንድ ሰዓት በኋላ

የጎማው አፍንጫ ከወለሉ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል?


የጓሮ አናጢ
ከአንድ ሰዓት በኋላ

34።


ውሃልክ
በዚያው ምሽት

በሽታው ተገኘ። የኳሷ ዲያሜትር 57.15 ሚሊ ሜትር ነው። አፍንጫው መቆም ያለበት በዲያሜትሯ 63.5 በመቶ ላይ ነው፤ 36.3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አንድ በመቶ ወዲህና ወዲያ ይፈቀዳል፣ ከ35.7 እስከ 36.9። አንተ ከወሰኑ በታች ነህ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ወደ ጎማው የምትመጣ ኳስ ወደ ፊት እየተንከባለለች ስለሆነ ጎማውን ስትነካ ሽክርክሪቷ ሽቅብ ያስወጣታል። አፍንጫው ከኳሷ መሃል በላይ የሚሆነው በግንባሯ በኩል ወደ ታች እንዲጫናት ነው። ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጫናት ያንሳል፤ እርሷም ትወጣለች። ከልክ በላይ ከፍ ቢል ደግሞ ወደ ወለሉ ይቀረቅራታል፤ ፍጥነቷን ትገድላለች፣ ጨርቁንም ትበላለች።


መርፌና ክር
በዚያው ምሽት

የጨርቁ ውፍረትስ? ወለሉ ሲለብስ አፍንጫው ይበልጥ ዝቅ አይልም?


ውሃልክ
በዚያው ምሽት

ጥሩ ጥያቄ ነው። የወለሉ ጨርቅ በጠርዙ እንጨት ሥርም ያልፋል። ኳሷን ከፍ ሲያደርግ ጠርዙንም አብሮ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ልዩነቱ አይታይም። ጨርቁ ከጠርዙ ሥር ሳይገባ ተቆርጦ ከቀረ ግን እንዳልሽው ነው።


መላጊያ
በማግሥቱ

ሰው ሁሉ የሚፈራው ወለሉን ነው። ጠማማ ወለል ግን የሚያታልለው በዝግታ የምትሄደውን ኳስ ነው፤ እርሷንም ከተለማመድካት ታውቅባታለህ። ጎማ ሲበላሽ እያንዳንዱን ምት ያበላሻል፣ ልምድም አያድንህም። ማገዶ ያደረግኩት ጠረጴዛዬ ወለሉ እስከ መጨረሻው ቀን ቀጥ ያለ ነበር።

የጎማ እንጨት የሚቆረጠው ጎማው በእጅ ከገባ በኋላ ነው። ፊቱ ምን ያህል መዘንበል እንዳለበት የሚናገረው የጎማው ጀርባ ነው። አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ ጎማ በቁራጭ እንጨት ላይ ትለጥፋለህ፣ ትለካለህ፣ ታስተካክላለህ፤ ስድስቱን የምትቆርጠው ከዚያ ነው።


የጓሮ አናጢ
በማግሥቱ

ጋሽ መላጊያ፣ ይህን ከሦስት ሳምንት በፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?


መላጊያ
በማግሥቱ

የጠየቅኸኝ ስለ ወለሉ ነበር።


የጓሮ አናጢ
ከ5 ቀን በኋላ

ጎማውን ልነቅል ስል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከጠርዙ እንጨት ሥር ማስነሻ ባስገባስ? ከድሮ ጠረጴዛ የተረፈ ፎርማይካ ነበረኝ፤ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር። ሦስቱን ደራርቤ 2.4 አገኘሁ። ረጃጅም ቁራጮች አድርጌ በስድስቱም ጠርዞች ሥር ለጠፍኩ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ከፈትኩ። አሁን 36.4 ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው፦ ኳሷን ከአንድ ጫፍ ጠንክሮ መሃሏን ሲመቷት ሳትዘል ከአራት እስከ አራት ተኩል የጠረጴዛ ርዝመት መሄድ አለባት። መዝለሉ ቆሟል። የሄደችው ግን ሦስት ተኩል ብቻ ነው። አንደኛው አጭር ጠርዝ ደግሞ ስትነካው "ጥፍ" የሚል የታፈነ ድምፅ አለው፤ ሌሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው።


ሰባተኛዋ ኳስ
በማግሥቱ

ቡሎኑን እይ። የላላ ጠርዝ ምቱን ይውጠዋል። ሮንዴላ ከሌለው ደግሞ ዛሬ ብታጠብቀው ነገ እንጨቱን እየበላ ይላላል።


ከረንቦላ
በማግሥቱ

ቡሎኑ ካልሆነ ጎማው ተላቅቋል ማለት ነው። ማስቲሹን ቀብተህ ወዲያው ነው የለጠፍከው ወይስ ጠብቀሃል? ደግሞ ስትለጥፈው ስበኸዋል?

(ጎማ ዛሬ ይህን ያህል ታዛዥ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ይኸው ተርስተን በ1835 እ.ኤ.አ. ገደማ የጎማ ጠርዝ ሲጀምር ብርድ በመጣ ቁጥር ጎማው እንደ እንጨት ይደርቅ ነበር። ያንን ያዳነው በድኝና በሙቀት ጎማን የማጠንከር ዘዴ ነው፤ ቻርልስ ጉድይር በ1844 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት።)


የጓሮ አናጢ
ከ3 ቀን በኋላ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንድ ቡሎን ሮንዴላ አልነበረውም። ዋናው ግን ከረንቦላ ያለው ነው። ጎማው አንድ ጣት አጥሮብኝ ስቤ ነበር የለጠፍኩት። በመሃሉ ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ተመልሶ የአንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ከእንጨቱ ተላቋል፤ ቢላዋ አስገብቼ አየሁት፣ ያለ ምንም ትግል ገባ።

ነቅዬ በአዲስ ቁራጭ ለጠፍኩት። በዚህ ጊዜ ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ስስ አድርጌ ቀባሁ። ጣቴን ሳስነካው ያዝ አድርጎኝ ግን ክር ሳያወጣ ሲቀር ገጠምኩ፤ ከአንድ ጫፍ ጀምሬ ሳልስብ እያስተኛሁ ሄድኩ፤ ከዚያ በጎማ መዶሻ ቀስ እያልኩ ከዳር እስከ ዳር መታሁት። ኳሷ አራት ርዝመት ሄዳ አምስተኛውን ጀመረች። ደስታዬን ለጎረቤት ልነግር ወጥቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ተመለስኩ።


ጥርጣሬ
ከ3 ቀን በኋላ

ኪሶቹስ? የምትጫወተው ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ ላይ ነው?


የጓሮ አናጢ
ከ3 ቀን በኋላ

ተቆርጠዋል። የማዕዘኖቹን አፍ 116 ሚሊ ሜትር አደረግኩ፤ ሁለት ኳስ ጎን ለጎን ስታስቀምጥ 114.3 ስለሆነ በሁለት ኳስ ትለካዋለህ። የመሃሎቹን 128። የጎማው ጫፍ የሚቆረጥበት ማዕዘን በማዕዘን ኪስ 142 ዲግሪ፣ በመሃል ኪስ 104 ነው። ሁለቱንም መጀመሪያ በቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ ሠርቼ ልኬ ነው ጎማውን የነካሁት። ትምህርት ገብቶኛል።


ሰባተኛዋ ኳስ
በማግሥቱ

ኳስ መመለሻ ቱቦ ታደርጋለህ?


የጓሮ አናጢ
በማግሥቱ

አላደርግም። በየኪሱ መረብ አንጠልጥያለሁ። ስድስት ቱቦ አዘቅዝቆ በአንድ ሣጥን ማገናኘት ሌላ ጠረጴዛ መሥራት ነው።


የጓሮ አናጢ
ከ2 ሳምንት በኋላ

ጨርቁን ለማልበስ ያሰብኩት ግማሽ ቀን ነበር። ሁለት ቀን ወሰደ። እኅቴ መርፌና ክር በውስጥ መልእክት እየመራችኝ ነው የጨረስኩት፤ ቅደም ተከተሉን ራሷ ብትጽፈው ይሻላል።


መርፌና ክር
በማግሥቱ

ብዙ የለውም። በአንዱ አጭር ጎን መሃል ላይ ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጥግ ይመታል። ከዚያ ተሻግሮ በትይዩው አጭር ጎን፣ መጀመሪያ መሃሉ ተወጥሮ። ከዚያ ረጃጅሞቹ፤ እነርሱም ከመሃል ወደ ጥግ። ከጥግ የጀመረ ሰው ትርፉን ጨርቅ ወደ መሃል ያባርረዋል፤ መሃል ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣና ይሸበሸባል። የአወጣጠሩ ኃይል እኩል መሆን አለበት። እጅ ሲደክም ሳይታወቅ ይለግማልና ሲደክማችሁ አቁሙ።

ኪሶቹ ጋ ሲደረስ ጨርቁ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ አይተውም። በጠባብ በጠባቡ ብዙ ቦታ ይሰነጠቅና እያንዳንዷ ምላስ ለብቻዋ ወደ ውስጥ ትሳባለች። እርሱ በመጀመሪያው ኪስ ሦስት ቦታ ብቻ ሰንጥቆ ነበር፤ ለዚህ ነው አንደኛው ቀን ያለቀው።


የጓሮ አናጢ
በማግሥቱ

እውነቷን ነው። የጠርዞቹ ጨርቅ ቀለለኝ። ከላይ ባለው ቦይ ውስጥ ጨርቁን አድርጎ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በላዩ ላይ በመዶሻ ማስገባት ነው። ዘንጉ በቀጥታ ከተመታ ይሰበራልና መካከል ላይ ቁራጭ እንጨት አስገቡ።

18ቱን የማነጣጠሪያ ነጥቦች ከአሉሚኒየም ዘንግ ቆርጬ በጠርዞቹ ላይ ቀበርኩ። ርቀታቸው 24.75 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 198 ለስምንት ሲካፈል። የሚለካው ከእንጨቱ ጫፍ ሳይሆን ከጎማው አፍንጫ መስመር ነው። ይህንን ከመቆርቆሬ በፊት አወቅኩ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳን በጊዜው።


ውሃልክ
ከ2 ቀን በኋላ

ሚዛኑን አስተካከልክ?


የጓሮ አናጢ
ከ2 ቀን በኋላ

ትናንት ማታ። መጀመሪያ ውሃ ልኬን ራሱን ፈተንኩት፤ አንብቤ፣ ባለበት ዳርና ዳሩን አዙሬ ደግሜ አነበብኩ። አረፋው በሁለቱ ንባብ አንድ ቦታ አልቆመም፤ ለካ ዓመቱን ሙሉ ሲዋሸኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቦታ ሁለቴ አዙሬ እያነበብኩ አማካዩን እወስዳለሁ። ከእግሮቹ ሥር ባሉት ቡሎኖች አስተካከልኩ፤ ቡሎኑ ለማይደርስበት ጥቃቅን ልዩነት የመጫወቻ ካርታ ሸጎጥኩ።

የመጨረሻው ዳኛ ራሷ ኳሷ ናት። በዱላው ጫፍ በጣም ቀስ አድርጌ ገፋኋት። በርዝመቱ ቀጥ ብላ ሄደች፤ በመመለሷም ቀጥ ብላ መጣች። በወርዱም ደህና ናት። በዚያ በመጨረሻው የግራ ማዕዘን ግን ልትቆም አንድ ስንዝር ሲቀራት ወደ ኪሱ ታዘነብላለች፤ ስቱኮ የሞላሁበት ቦታ ነው። ከሁለት ካርታ በኋላ ወደ ግማሽ ስንዝር ቀነሰ። ሦስተኛ ስጨምር ሌላው ማዕዘን ተቀየመ።


ጥርጣሬ
ከ2 ቀን በኋላ

ተወው። እዚያ ማዕዘን ላይ የምትቆመው አንተ ሁን፣ እንግዳህ በሌላው ይቁም።


መላጊያ
ከ2 ቀን በኋላ

ሁለት ካርታ ላይ አቁም። አዲስ እንጨት ገና አልተቀመጠም። ከአንድ ወር በኋላ የእግሮቹንና የጠርዞቹን ቡሎኖች በሙሉ አንድ በአንድ በቁልፍ ሞክራቸው፤ ሚዛኑን ከዚያ በኋላ ትደግመዋለህ።


የጓሮ አናጢ
ከ5 ሳምንት በኋላ

ሞከርኳቸው ጋሽ መላጊያ። ከ18ቱ አራቱ ሩብ ዙር ያህል ላልተው ነበር። በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው እግር ደግሞ በእጅ የሚዞር ሆኖ አገኘሁት። አጠበቅኩት፣ ሁለቱን ካርታዎች አወጣሁ፣ ኳሷን ገፋኋት። ማዕዘኑ ጋ ደርሳ ቆመች።

መምቻዋ አሁንም ግማሿ ቡናማ ናት። አዲስ ልገዛ ነበር፤ ልጆቹ እንዳትቀይራት ብለውኛል።